የቀሩ ሰዎች ዓምድ

በ2007 ክረምት ዝናቡ ዘግይቶ በሐምሌ አጋማሽ ገባ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ወጣ። ደጋው ላይ ገብሱ ጉልበት ሳይደርስ ዘለላ አወጣ፤ ዘለላው ግን ባዶ ነበር። ድንቹ የዶሮ እንቁላል አላከለም። ቆላው ላይ ማሽላው ቆሞ ደረቀ። በመስከረም በሬ ያለው በሬውን ሸጠ። በጥቅምት የሚሸጠው ያጣ ልጁን ለሥራ ወደ ሰው አገር ላከ። በኅዳር አውድማ የወጣው ጥቂት ሰው ነው፤ የወጣውም በግማሽ ቀን ጨርሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም የእርዳታ ስንዴ የሚመጣበትን ቀን መጠበቅ ጀመረ።

ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ዘመኑን ያወቁት በስንቃቸው ነው። ድሮ ከቤት ተሸክመው የሚያመጡት ድርቆሽና ቆሎ ሁለት ሳምንት ያደርሳቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሐሙስ ላይ ከረጢቱ ይራገፋል።

«አንድ! ደግሞ አንድ!» ማቴዎስ ከሜዳው ጥግ እየዘለለ መጣ። «ርብቃ፣ ካፒቴንሽ ዛሬም አንድ ነጥብ አመጣልሽ። ለካፒቴን እጥፍ ነው፤ ሁለት! ኧረ ድግስ ይደገስ!»

ርብቃ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ሳትል ጻፈች። ስድስተኛ ቅዳሜ፣ ተመስገን፣ አንድ።

ጨዋታውን ያመጣው ማቴዎስ ነው። የከተማ ልጅ ነው፤ ስልኩ ላይ ፋንታሲ የሚባል ነገር ይጫወት ነበር። የውጭ አገር ተጫዋቾችን መርጠህ የራስህን ቡድን ታቋቁማለህ፤ የመረጥከው ሰው እውነተኛው ሜዳ ላይ ጎል ሲያገባ ነጥቡ ላንተ ይቆጠራል። ነገር ግን የንፋስ መውጫ ኔትወርክ ዓርብ ይጠፋና ሰኞ ይመጣል። ማቴዎስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቡድኑን መቀየር ሲያቅተው ተናደደና «አቦ፣ የራሳችንን እንሥራ» አለ።

ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ በየቅዳሜው የክፍል ለክፍል ውድድር ነበረው። ፋንታሲ የሚጫወት ተማሪ ከሁሉም ክፍሎች አምስት ልጆች ይመርጣል፤ ከአምስቱ አንዱን ካፒቴን ያደርጋል። ጎል ላገባ አራት ነጥብ። ጎል የሆነውን ኳስ ላቀበለ ሦስት። ጨዋታውን ሜዳ ላይ ለጨረሰ አንድ። ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሰው አስፈለገና ርብቃን መረጧት። «ጽሕፈቷ ጥሩ ነው፤ ከማንም ጋር ስለማታወራ ደግሞ ኳሱን ታያለች» አለ ማቴዎስ። በክፋት አልነበረም ያለው።

እሷም አምስት ልጆች መርጣለች። ካፒቴኗ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ሰው ነው፤ የክፍሏ ልጅ ተመስገን፣ የአሥረኛ ለ የመሐል ተጫዋች።

ተመስገን ጎል አያገባም። ኳስ ያቀብላል። ሜዳው ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከላይ ወደ ታች ይነፍሳል። ተመስገን ኳሱን ሰው ወደሌለበት ይልከዋል። ንፋሱ ይቀበለውና ጎሉ አጠገብ ያደርሰዋል። ያንን አውቆ ቀድሞ የሮጠ ልጅ ካለ ጎል ነው። ከሌለ ኳሱ ቁልቁል ይንከባለልና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የተከሉት ጎመን ውስጥ ይገባል።

ያን ቅዳሜ አራት ጊዜ ጎመኑ ውስጥ ገባ።

«አንተ፣ ለማን ነው የምታቀብለው? ለጎመኑ ነው?» ብለው ጮኹበት።

«ተዉት፣ ወጥ እየሠራ ነው!»

ተመስገን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ግራ ክንፍ አየ። ግራ ክንፍ ላይ የቆመው የሌላ ልጅ ምትክ ነበር። ርብቃ ይህን አየች፤ አልጻፈችውም። ደብተሩ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አልነበረውም።

ሰኞ የስፖርት መምህሩ፣ መምህር ጸጋዬ፣ ክፍል ገብተው ደብተሩን ጠየቁ።

«የምትመዘግበው ማናት? አንቺ ነሽ? እስቲ አምጪው።»

ቆመው አገላበጡት። «ጎበዝ። እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልጻፍኩም።»

ምን እንደፈለጉ ሁሉም ያውቃል። በየካቲት ደብረ ታቦር ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ ከእነሱ አሥራ ስድስት ልጆች ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ካለ የወጣቶች ማሠልጠኛ ሰዎች መጥተው ጨዋታውን ያያሉ። የወደዱትን ልጅ ይወስዱታል፤ የወሰዱት ልጅ እዚያው ይማራል፣ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል።

ለሌሎቹ ጉዞው ሽርሽር ነው። ለተመስገን ግን ሌላ ነበር። አባቱ አያ ባዩ ከገና በኋላ ከተማ መጥተው «እስከ ጥር መጨረሻ ስንቅ እልካለሁ። ከዚያ ወዲያ የለኝም ልጄ፤ ከእኔ ጋር መተማ ለቀን ሥራ ትወርዳለህ» ብለውታል። ያሉት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ሰምቷል።

መምህር ጸጋዬ ጣታቸውን በተመስገን መስመር ላይ አስኬዱ። «አሥር፣ አሥር፣ ሰባት፣ አንድ፣ ሰባት፣ አንድ። ይሄ ልጅ ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?»

«ሰነፈ፣ ቲቸር» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

ተመስገን ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን አልደፋም፣ አልተቆጣምም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

«የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻው ነው። ጨዋታው እንዳለቀ የአሥራ ስድስቱን ስም እለጥፋለሁ» አሉና ደብተሩን መለሱላት።

ርብቃ ተቀብላ መስመሩን እንደገና አየችው። አንድ፣ አንድ እያለች የጻፈችው እሷ ናት።

የምትኖረው ገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ድረስ ከታደለች ጋር ነበረች። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ታደለች ሰው ቤት ልትሠራ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። «ለሁለት ወር ነው፤ እመለሳለሁ» ብላ ነበር። ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ስትወጣ ግን ርብቃ ገባት። መደቡ ሰፋ። ሁለት ኩባያ ነበራቸው፤ አንደኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቆሸሸም፣ አልታጠበም። አንዳንድ ቀን ርብቃ ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ እስኪነጋ አንድ ቃል አትናገርም። ዝምታው ሲበዛባት የታሪክ ማስታወሻዋን ጮክ ብላ ታነባለች።

ተመስገንን ለምን ካፒቴን እንደምታደርገው ማንም አያውቅም። ማቴዎስ «ወደሽዋል» ይላታል። ነገሩ ሌላ ነው።

በሰኔ 2006 የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ የየገጠሩ ተማሪ ንፋስ መውጫ ሄዶ እንዲፈተን ተባለ። ቀጭን ውሃ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ርብቃ ስትሻገር እግሯ አዳለጣት። እሷ ድንጋይ ይዛ ተረፈች፤ ስንቋን ውሃው ወሰደው። ተመልሳ ቤት ብትሄድ ፈተናው ያመልጣታል። ዳር ቆማ ስታለቅስ ተመስገን ከኋላ ደረሰ። ያኔ በስም ብቻ ነበር የሚተዋወቁት። ከረጢቱን ፈታና «ነጠላሽን ዘርጊ» አላት። በግምት አላፈሰሰላትም። እፍኝ በእፍኝ፣ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ እያደረገ አካፈላት።

«እመልስልሃለሁ» አለችው።

«እሺ። ነይ አሁን፣ ይመሽብናል።»

የፈተናውን ቀኖች ሁለቱም በቀን አንድ ጊዜ እየበሉ ጨረሱ። እሱ ለማንም አልተናገረም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ርብቃ ቆሎ ቋጥራ ወደሚኖርበት ቤት ሄደች። ጓደኞቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ነበር። «ደሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አላት አንዱ። ቋጠሮውን ነጠላዋ ሥር ደበቀችው። ይዛው ተመለሰች፤ ብቻዋን ተቀምጣ በላችው። ለታደለች እንኳ አልሰጠቻትም። ከዚያ ወዲያ ተመስገንን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ካፒቴን ማድረጉ ሌላ የምታደርገው ስላጣች ነው።

ያን ሰኞ ከሰዓት መደቡ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ዘረጋች። ከነጥቡ ጎን በማስመሪያ አንድ ዓምድ አሰመረች። ራሱ ላይ «የቀሩ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እያንዳንዱን ቅዳሜ እያስታወሰች ሞላችው።

አንደኛና ሁለተኛ ቅዳሜ ከአሥረኛ ለ የቀረ የለም። ተመስገን አሥር፣ አሥር። በሦስተኛው አጥቂው ፍሥሐ ትምህርቱን ትቶ ከአጎቱ ጋር ለሥራ ሄዷል። ሰባት። በአራተኛው ፍሥሐ የለም፤ የግራ ክንፉ አለበልም የለም። አንድ። በአምስተኛው አለበል መጣ። ሰባት። በስድስተኛው ቀረ። አንድ።

ርብቃ ደጋግማ አየችው። ኳሱ ያው ነው፤ የሚሮጥለት እግር ነው የጠፋው።

ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

መምህር ጸጋዬ አዲሱን ዓምድ አነበቡ። «ይሄን መቼ ጨመርሽው?»

«ትናንት።»

«ተመስገን ልኮሽ ነው?»

«ኧረ! ከእሱ ጋር አንነጋገርም።»

«እና ለምን?»

«ደብተሩ ጎዶሎ ነበር፣ ቲቸር። ጎዶሎውን ነው ያሳየሁዎት።»

ጺማቸውን አሹ። «ገብቶኛል። ግን ስሚ፤ ደብረ ታቦር ላይ ‹ጓደኛው ቀርቶበት ነው› ብዬ ብከራከር ማን ይሰማኛል? ሰዎቹ ዓይናቸው ያየውን ነው የሚወስዱት። እኔም ልየው። ቅዳሜ አለበል ከጎኑ ይሰለፍና ልየው። አለበለዚያ ከአንድ በላይ ያመጡ ልጆች አሉ፤ እነሱን ዘልዬ እሱን ብጽፍ እነሱን እበድላለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት አለበልን ቧንቧው ጋ አገኘችው። አለበል ረጅም ነው፤ ሲራብም ይቀልዳል።

«ቅዳሜ ትኖራለህ?»

«ብኖር ደስ ባለኝ። ግን ከረጢቴን ዛሬ አራገፍኩት። አንዲት ባቄላ ወደቀች። እሷን ለእንግዳ ብዬ አስቀመጥኳት።» ሳቀ። «ነገ ሾላ በር ወርጄ ስንቅ ካላመጣሁ ሰኞ የምቀምሰው የለም።»

«አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን አልሄድክም ነበር።»

«ያኔማ ተመስገን ስንቁን አካፈለኝ። ሳምንቱን ሁለታችንም በቀን አንዴ በላን። አሁንም ብጠይቀው ይሰጠኛል። ለዚህ ነው የማልጠይቀው።»

ርብቃ ቧንቧውን ዘጋች። ወንዙ ዳር የተካፈሉት ትዝ አላት። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜ እንዴት ኖርክ?»

«ታደለች ነበረቻ! ያጎቴ ልጅ አይደለች? ዓርብ ትወርዳለች፣ እሑድ ትመለሳለች። የራሷን ስታመጣ የእኔንም ትሸከማለች። መጀመሪያ የእኔን እኔ ዘንድ ጥላ ነው ወደናንተ ቤት የምትገባው። እሷ ትሸከማለች፣ እኔ እራገጣለሁ።»

ታደለች ከአሥረኛ ለ ልጆች መካከል ኳስ አይታ የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ርብቃ «ቅዳሜ ቅሪና አብረን እንይ» ስትላት «ኳስ አልወድም» ትል ነበር። ርብቃም አምናታለች። በአንድ መደብ እየተኙ ሁለተኛውን ከረጢት አላየችም። ደብተሩ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል ብላ ስታስብ፣ ከሁሉ ቀድማ የሄደችው ደብተሩ ላይ ኖራ አታውቅም።

«የእኔ አገር ጓሳ ሜዳ ነው» አለችው። «ሾላ በር ከዚያ ቁልቁል የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለእናትህ ምን ምልክት ልንገራቸው፣ እንዲያምኑኝ?»

አለበል ቀልድ አጣ። «ርብቃ፣ ሽቅቡ ይገድላል እኮ።»

«ታደለች ሞተች?»

«ጨዋታውም ያልፍሻል።»

«ማቴዎስ ይጽፋል። ምልክቱን ንገረኝ።»

«‹ከጎተራው ሥር የተደበቀው ኳስ የእኔ ነው፣ ለታናሼ እንዳይሰጡት› በያቸው። ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም።»

«ለተመስገን እንዳትነግረው።»

«ምን በወጣኝ!» አለ አለበል፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ደብተሩን ለማቴዎስ ሰጠችው። «ነጥቡን እንደተለመደው ጻፍ። የቀረ ሰው ካለ እዚህ ዓምድ ላይ ጻፈው። ሁሉንም።»

«አንቺስ? የመጨረሻው ቅዳሜ እኮ ነው፣ እንዴት ትቀሪያለሽ? ካፒቴንሽስ ማን ይሁን?»

«ተመስገን።»

«አበድሽ? በዚህ ነጥብ ከሠላሳ አንድ ልጅ ሠላሳ አንደኛ ነው የምትወጪው!»

«ተመስገን ብለህ ጻፍ።»

ጓሳ ሜዳ ስትደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቷ ካሣነሽ ስንቋን አዘጋጅታ ጠብቃታለች፤ የተቀቀለ ድንች፣ የገብስ ቆሎ፣ ከእርዳታው ስንዴ የተጋገረ ቂጣ። ነገ ሾላ በር ልትወርድ መሆኑን ስትሰማ ዓይኗን አጠበበች።

«ለማን ብለሽ?»

«ለአለበል። የክፍሌ ልጅ ነው። ስንቁን ላመጣለት።»

«እሱ እግር የለውም?»

«እማ፣ የታደለችን ፈንታ ነው የምሄደው።»

ካሣነሽ ታደለችን ታውቃታለች። ብዙ አልጠየቀችም። በዚያ ዓመት ሰው ብዙ አይጠይቅም ነበር። ጠዋት ስትወጣ ግን የራሷን ጠንካራ ገመድ አቀበለቻት። «ሽቅቡ ላይ በግንባርሽ ያዢው» አለቻት።

ቁልቁለቱ አፈርና ጠጠር ነው። ርብቃ ሾላ በር ስትደርስ የአለበል እናት ወርቅነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ። ሰፌዱ ላይ የሚቀረው ከሚወድቀው ያንስ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

ምልክቱን ነገረቻቸው። ወርቅነሽ ፊታቸው ፈታ አለ። «ይሄ ሌባ! ኳሱን ስንፈልግ ስንት ቀን ከረምን!» ተነሥተው ገቡ። በሰማያዊ ሲባጎ አፉ የታሰረ ከረጢት ይዘው ወጡ። የማሽላ ድርቆሽ ነው፤ ከላይ ትንሽ ቆሎ አለበት። ካስረከቧት በኋላ አፉን መልሰው ፈቱና አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግነው ዘረጉላት።

«ይሄ የትከሻሽ ነው።»

ስንቅ ላደረሰ ሰው የትከሻ ይሰጣል፤ የአገሩ ልማድ ነው። ርብቃ እጇን ሰበሰበች። «ይተዉት እትዬ። ለእሱ ይሁን።»

«አይሆንም። የተሸከመ ባዶውን አይሄድም። ለታደለችም ሳልሰጥ ሰድጃት አላውቅም። እንግዲህ ትበላው ወይ ትተወው፣ እሷ ታውቃለች።»

ርብቃ ነጠላዋን ዘረጋች። ታደለች እሑድ ስትመጣ ሁልጊዜ በጨርቅ የቋጠረችው ቆሎ ነበራት። «ከመንገድ ያገኘሁት ነው» ብላ ከሁለት ትከፍለውና ግማሹን ለርብቃ ትሰጣት ነበር። ርብቃ አንድ ቀንም ከየት እንዳገኘችው ጠይቃ አታውቅም። በልታዋለች።

ቆሎውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አጠበቀችው። ከእሱ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ሽቅቡ ላይ ገመዱን በግንባሯ ያዘች። አሥር እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ከጎኗ የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ ከኋላዋም የሚመጣ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጋማሹ ላይ ነበረች። ንፋሱ ከአፋፉ ቁልቁል መጣና ነጠላዋን ገለበው። ቆመች። አሁን ተመስገን ኳሱን ሰው ወደሌለበት ይልከዋል። አሁን አለበል ሳያይ ይሮጣል። ወይም አይሮጥም፤ ከሐሙስ ወዲህ ምን እንደቀመሰ አላወቀችም። ጆሮዋን ሰጠች። የሚሰማ የንፋሱ ፉጨት ብቻ ነው። ገመዱን አስተካክላ ቀጠለች።

ቅዳሜ ማታ እናቷ ዘንድ አደረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ከረጢት ተሸክማ ንፋስ መውጫ ገባች። ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ማቴዎስ እያፏጨ መጣ።

«ርብቃ! የት ጠፋሽ? አመለጠሽ፣ አመለጠሽ! እንኪ ደብተሩን... ኧረ እጅሽ ሙሉ ነው፤ ልያዝልሽ፣ አንቺ ገልጠሽ እዪ።»

ከረጢቶቹን አወረደችና ገለጠችው። የማቴዎስ ጽሕፈት ዶሮ የረገጠው ይመስላል። ሰባተኛ ቅዳሜ። ተመስገን፣ አሥር። አጠገቡ «የቀሩ» በሚለው ዓምድ ሁለት ስም ነበር። ፍሥሐ። ርብቃ።

«እኔ እኮ ተጫዋች አይደለሁም።»

«ሁሉንም ጻፍ አላልሽኝም? ሁሉንም ጻፍኩ። አለበል ሁለት አገባ፣ አንዱን የፍሥሐ ምትክ አገባ። ሦስቱንም ያቀበለው ተመስገን ነው። ጎመኑ ትናንት ሰላም ዋለ! ስሙ ተለጥፏል፤ ሁለቱም አሉ፣ አለበልም ተመስገንም። አንቺ ግን አሁንም ከመጨረሻ አራተኛ ነሽ፣ አይዞሽ።»

ርብቃ እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜ አጠገብ «ታደለች» ብላ ጻፈች።

«ታደለች ደሞ ምን አገባት? ያን ጊዜ እኮ የቡድኑ ነጥብ ከፍተኛ ነበር።»

«አዎ» አለች ርብቃ። «እሷ ቀርታ ነበር።»

ማቴዎስ አልገባውም። እሷ ከረጢቶቹን አንሥታ ወደ አለበል ቤት ሄደች።

አለበል ቤት አልነበረም። በሩ ላይ የተቀመጠው ተመስገን ነው። ርብቃ ባየችው ጊዜ መንገድ ልትቀይር አሰበች፤ የምትቀይርበት መንገድ አልነበረም። እሱ ተነሣና ከጀርባዋ ከረጢቱን ተቀብሎ አወረደ። ሰማያዊውን ሲባጎ አየ።

«አለበል ነግሮኛል» አለ።

«እንዳትነግረው ብዬው ነበር።»

«‹እንዳትነግረው ብላኛለች› ብሎ ነው የጀመረው።»

ርብቃ ሳታስበው ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ እንደሳቀች አላወቀችም።

«የሚመጣው ዓርብ እኔ እወርድለታለሁ» አለ ተመስገን።

«አንተ ልምምድ አለህ። እሱም አለው። እኔ እወርዳለሁ።»

ርብቃ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቋጠሮውን ፈታች። ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ሳበችው።

«እጅህን ዘርጋ።»

«ምንድን ነው?»

«የቀጭን ውሃው።»

ተመስገን ቆሎውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። እሷ አራግፋ አፈሰሰችለት።

«ያኔ የሰጠኸኝን አያክልም» አለች።

«ያኔ ዘመኑ ጥጋብ ነበር።»

አንድ እጁን ወደ እሷ መለሰ፤ ሊያካፍላት ነው። ርብቃ ነጠላዋን ሰብስባ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«አይ። ይሄ ያንተ ነው።»

ዕዳዋን እየመለሰች መሆኑ ገባው። እጁን መለሰና በሩ ላይ ተቀምጦ መብላት ጀመረ፤ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣ፣ ሳይቸኩል። ርብቃ ከረጢቷን አጠገቧ አስቀምጣ የመጨረሻዋን ፍሬ እስኪበላ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።